ደብዛዛው ምንጣፍ

ወሰንየለሽ የምንጣፉን ዘርፍ በማበጠሪያ እያቃናች ነበር። ባሏ አድማሱ በሕይወት ሳለ ከራት በፊት ይሠራው የነበረ ሥራ ነው። ከቀብሩ ወዲህ ለቀስተኛ ስለረገጠው ተጠላልፏል።

አጠገቧ፣ በመስኮቱ በኩል ፍራሽ ላይ የተቀመጡት እትዬ ብዙአየሁ ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ ይኼ ነገር ይጠቅለልና ጋራዥ ይግባ። ሐዘን ቤት እንዲህ እሳት የመሰለ ቀይ አንጥፈን ሰው ምን ይለናል?»

በሩ ጋ ካርታ የያዙት ጋሼ ሀይሉ ሰሙ። «የቱ ነው ቀይ? ይኼ የነጣው?»

«አንተ ካርታህን እይ፤ እሱንም አላወቅህበትም።»

አንዳንዱ ሳቁን ዋጠ። የወሰንየለሽ እጅ ግን ቆመ። አድማሱም ምንጣፉን «ደብዛዛው» ነበር የሚለው።

ያመጣው ይኼው ከተማ ያዘጋጀው ኦሊምፒክ ካለፈ በኋላ ነው። የፓርኪንግ ሥራውን ትቶ፣ የአገሩ አብዮት ባሰደደው ኢራናዊ በቤህሩዝ ምንጣፍ ሱቅ ተቀጥሮ ነበር። ቤህሩዝ ጥጉ የተቃጠለ አንድ ምንጣፍ ሰጠው፤ አድማሱ ክር በክር እየቋጠረ ጠገነው። ቀዩ ከተክል ሥር፣ ሰማያዊው ከቅጠል፣ የጠርዙ ቢጫ ከሮማን ልጣጭ እንደሚወጣ ነገራት። በመሐሉ አበባ ዙሪያ የሚጠማዘዙትን ቅጠሎች ኢራኖቹ ዓሣ ይሏቸዋል አላት። ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ ባለችው በዚህችው አፓርትመንታቸው ሶፋ ስላልነበረ ራት የሚበሉት እዚያው ላይ ነበር፤ እሷ በመስኮቱ በኩል፣ እሱ በበሩ በኩል።

«ነይ፣ ደብዛዛው ላይ እንቀመጥ» ይላታል።

ለእሷ ግን ምንጣፉ የበሰለ በርበሬ ነው። አገር ቤት አስተማሪ የነበረውን ሰው ስፖንሰር አድርጋ ወደዚህ አገር ያመጣችው እሷ ናት። ይኼን የመሰለ ቀይ የማይታየው ኑሮው ደብዝዞበት ይሆን? አንድም ቀን አልጠየቀችውም። አሁን የምትጠይቀው የለም።

ከሰዓት በኋላ ቤህሩዝ ሚስቱ የሠራችውን፣ ሀልዋ የሚሉትን ጣፋጭ ይዞ መጣ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። እትዬ ብዙአየሁ ምንጣፉ ለምን እንደሚነሳ ለእንግዳው እንድታስተረጉምላቸው ወሰንየለሽን ጠየቋት። ቤህሩዝ ሰምቶ ተንበረከከና የምንጣፉን ሱፍ ዳበሰ። የሱፉ ጸጉር ወደ አንድ ወገን እንደሚተኛ፣ ወለል ላይ ተቀምጠው ከአንዱ ጫፍ ሲያዩት እንደሚደምቅ፣ ከሌላው ጫፍ ግን እንደሚገረጣ አስረዳ። እትዬ ብዙአየሁም ጋሼ ሀይሉም ልክ ነበሩ።

ከዚያ ወደ ወሰንየለሽ ዞረ። «አድማሱ የወሰደው ዕለት የሚደምቅበትን ወገን ከሥሩ በጠመኔ ምልክት አስደረገኝ። ‹ሚስቴ በዚህ በኩል ትቀመጣለች› አለ።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«እኔም ጠይቄው ነበር። ‹ከነገርኳት በየተራ እንቀመጥ ትላለች› አለኝ።»

ወሰንየለሽ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ እንባ ሆነ። ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። ጋሼ ሀይሉ ጠጋ አሉላትና በአድማሱ ቦታ ተቀመጠች። ከዚያ ሲታይ ምንጣፉ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል፤ በወዲያኛው ጫፍ ደግሞ የእሷ ባዶ ቦታ አለ። አድማሱ ራቱን ሲበላ ሲያይ የኖረው ይኼን ነው።

«ተመስገን፣ ኑሮው አልነበረም የደበዘዘው» አለች፣ ለራሷ።

ቀጥላም፣ «እትዬ፣ አይነሳ። ይዙርልኝ። የደመቀው ወገን ወደሱ ቦታ ይሁን።»

እትዬ ብዙአየሁ ትንሽ አሰቡ። «በእኛ በኩል ከገረጣማ ምን አለኝ» አሉና ጥጉን ራሳቸው ያዙ። ወንዶቹ ካርታቸውን አስቀምጠው አገዟቸው፤ ምንጣፉ ዞረ።

«እንዴ፣ ቀይ ነው ለካ» አሉ ጋሼ ሀይሉ ተመልሰው ሲቀመጡ።

እኩሌታው የተበጠረው ዘርፍ አሁን በሩ ጋ ደርሷል። ወሰንየለሽ ተንበርክካ የቀረውን እስከ ተጠገነው ጥግ ድረስ አቃናች። ከዚያ ማበጠሪያውን ግድግዳው ሥር አስቀመጠች።