የኤልሳዕ ፊርማ

ብሩክታይት ሶዶ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስትተይብ ብትውልም፣ ልቧ መሳቢያዋ ውስጥ ካለው አሮጌ ስልክ ጋር ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ሊኑክስ የሚባለውን፣ ሰዎች ከየአገሩ ተጋግዘው የሚጽፉትን የኮምፒውተር ሥርዓት የጫኑበት ከክፍል ጓደኛዋ ከኤልሳዕ ጋር ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶት ነበር፤ የስልኩ አእምሮ የሆነው ፕሮሰሰር ሥራ ኖረውም አልኖረውም በሙሉ ፍጥነቱ ይሮጣል። እንደ ምድጃ ይግላል፤ ባትሪው ሁለት ሰዓት አይቆይም። ሊኑክስ አዳዲሶቹን ፕሮሰሰሮች እንደ ሥራቸው ዝግም ፈጠንም ማድረግ ያውቃል። ይህን አሮጌ ግን ያስታወሰው የለም።

ለየፍጥነቱ ስንት ቮልት እንደሚበቃ እየለካ ደብተር ላይ ያሰፈረው ኤልሳዕ ነው። በተመረቁ ማግስት አስተማሪ ሆኖ ወደ ዲምቱ ሲሄድ ስልኩንም ደብተሩንም ሰጣትና፣ "ትጽፊልኛለሽ?" አላት። አንገቷን ደፋች።

ይኸው ሁለት ዓመት ሆነ። በመናኸሪያ ስታልፍ "ዲምቱ" የሚል ጥሪ ከሰማች እርምጃዋ ይከብዳል። መጻፍ ትፈልጋለች፤ ምን ብላ ትጀምር?

በ2007 ክረምት ከደብተሩ ተነስታ የምትጽፈውን ኮድ ጨረሰች። ስልኩ ሥራ ሲያጣ ረገብ ማለት ጀመረ። ሊኑክስ ውስጥ እንዲያካትቱት ለሊኑክስ ሰዎች በኢሜይል ስትልከው፣ ልኬቱ የእሱ ነውና ከስሟ በላይ የኤልሳዕን ስም አስቀድማ ፈረመችለት። ነውር አልመሰላትም፤ ክፍል ስታረፍድ አቴንዳንስ የሚፈርምላት እሱ ነበር።

በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። ሥራው ጥሩ ነው፤ ሰው ግን ለሰው አይፈርምም፤ ኤልሳዕ ራሱ ይፈርም፣ አለዚያ አንቀበልም ይላል።

አጠገቧ የምትሠራው ሳህሊቱ ይህን ስትሰማ ሳቀች። "እኛ ቢሮ ቢሆን የሞተ ሰው እንኳ የሰዓት ፊርማ አይቀርበትም። በይ እንግዲህ፣ የምትጽፊለት ነገር አገኘሽ።"

አራቴ ጽፋ አራቴ አጠፋች። ናፍቆቷን ሁሉ ሰርዛ በመጨረሻ ከኮዱ ጋር የላከችው ይህን ብቻ ነው፦ "ላንተ ፈርሜ እምቢ አሉኝ። እባክህ ራስህ ፈርም።"

በማግስቱ ፊርማው መጣ። ከሥሩ አንዲት መስመር ነበረች፤ "ስልኩ አሁንም ይግላል?"

መዳፏን ስልኩ ላይ አሳረፈች። ቀዝቅዟል። "አይግልም" ብላ ጻፈች፤ ወሬው በዚያ እንዳያልቅ ፈርታ መልሳ አጠፋችው። በምትኩ እንዲህ ጻፈች፦

"ባትሪው አሁን ዲምቱ ድረስ ይቆያል። ይዤው ልምጣ?"

አንገቷን የደፋችው ከላከችው በኋላ ነው።