የአያ ቢያዝን ባለ አራት አውታር ጊታር

በሰባ አራት ዓ.ም. ከባሕር ዳር ጣናን በጀልባ ተሻግሬ ቁንዝላ ላይ ጊታር ገዛሁ ስላችሁ ትስቁ ይሆናል፣ ልጆቼ። ያኔ ፋብሪካ እሠራለሁ፤ የቀበሌው ኪነት ቡድን ውስጥ ለመግባትም እመኝ ነበር። የሱቅ ጊታር ግን ለእኔ ቢጤ የሚቀመስ አልነበረም።

ይህንን ጊታር የሠሩት አናጢው አያ ቢያዝን ናቸው። ገላው ዋንዛ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ድምፅ የሚያጎላ ከዘይት ቆርቆሮ የተቀጠቀጠ ሳህን አለው፤ አራቱ አውታር የብስክሌት ፍሬን ሽቦ። አንገቱ ላይ ጣት የሚያርፍባቸውን አግድም ሽቦዎች ግን በልኬት አልደረደሯቸውም። ሚስታቸው እትዬ የብርጓል ክራር እየመቱ፣ እሳቸው እየሰሙ፣ አንድ በአንድ ነው የተከሏቸው። እኔ ስደርስ እትዬ የብርጓል አርፈዋል፤ ክራሩንም ምስጥ በልቶታል። የአያ ቢያዝንን ጣቶች ደግሞ መጋዝ ቆርጧቸዋል፤ መምታት አይችሉም።

በርካሽ የሰጡኝ ለዚህ ነው።

«ለፋሲካ መጥተህ ታሰማኛለህ» አሉኝ። «አውታሩን የተሸከመው ብርኩማ ከፍ ካለብህ ሞርደው። የአንገቱን ሽቦዎች ግን አትንካብኝ።»

እሺ ብዬ ማልሁ።

ቤቴ ገብቼ ብርኩማውን በብርጭቆ ወረቀት ዝቅ አደረግሁት፤ ጣቴ መድማቱን ተወ። ትዝታ ስመታበት አከራዬ ወይዘሮ እናትዓለም ሥራቸውን ትተው ደጃፌ ላይ ይቆሙ ነበር።

ኪነት ቡድኑ ዘንድ ስወስደው ግን ከሌሎቹ ጋር አልስማማ አለ። መሪው አስማማው «ጊታር ነው ወይስ የተቆጣ ድስት?» ብሎ ሰው አሳቀብኝ። አፈርሁ። ፔዳ፣ መምህራን ኮሌጁ፣ የሚያስተምር ጎረቤቴ የሱቅ ጊታሩን አጠገቡ አስተኝቶ፣ በክር እየለካ አዲስ ሽቦ ተከለልኝ። አሮጌዎቹን ነቅለን ቦታቸውን በሰምና በእንጨት ብናኝ ደፈንነው። ለሴቶች ቀን መድረክ ወጣሁ፤ ተጨበጨበልኝ።

ለፋሲካ እንደ ቃሌ ቁንዝላ ሄድሁ። አያ ቢያዝን ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀመጡ። ትዝታውን ጀመርሁ። ጥቂት ሰምተው እጃቸውን ዘረጉ፤ በተረፈቻቸው አውራ ጣት አንገቱን ከላይ እስከ ታች ዳበሱት።

«አሳምሮ ሠርቶታል» አሉኝ። «የማን እጅ ነው?»

ነገርኋቸው። አልተቆጡም። ዓሣ አበሉኝ፤ እስከ ጀልባው ሸኙኝ። መቼ ትመለሳለህ ግን አላሉኝም።

ኋላ ሽቦውን ነቅዬ እንደ ነበረው ልመልሰው ሞከርሁ። ቦታውን በጆሯቸው የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ሄጄ እንዳልጠይቃቸው አፈርሁ። ሳፍር ሳፍር አረፉ።

ጊታሩ ይኸው ግድግዳው ላይ አለ። አሮጌውን ቦታ በጥፍሬ እፈልጋለሁ፤ አሳምረን ደፍነነው ኖሮ እንጨቱ ልሙጥ ነው።