ሳትቀምስ የሰጠችው ጠጅ

«ሳትቀምስ ሰጠችው።»

አከራዬ ወይዘሮ የሺመቤት ይህን ያልነገሩት ሰው ሹም አቦ ሰፈር ውስጥ ቢገኝ እንግዳ ነው። እሳቸው በግብዣው አልነበሩም፤ ጣና ዳር ያለውን የአክስቴን ቪላ ከአጥሩ ወዲህ እንጂ አያውቁትም። ወሬ ግን የጥሪ ካርድ አይጠይቅም።

ያሳደገችኝ አክስቴ ፀሐይወርቅ ናት። ባሏ ባለሆቴሉ ገድሉ የከተማውን ባለጸጎች ምሳ ጋበዘ። እሷ በገዛ እጇ ጠጅ ቀዳችለት፤ ጠጣ፣ ሳይመሽ ሞተ። በብርሌው ውስጥ መርዝ ተገኘ። በእኛ አገር ጠጅ የሚቀዳ ሰው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ አይሰጥም። አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ እንዲያ ስታደርግ ኖራ ያን ቀን ብቻ ተወችው። ገበታዋን የቀረቡት ሴቶች በጥቁር መነጽርና በአዲስ ቀሚስ ችሎት እየገቡ ይህንኑ መሰከሩ። ለልጆቻቸው ሰርግ እንኳ እንዲያ አላጌጡም።

የወንጀል ሕጉን ገዝቼ ብቻዬን አነበብሁት። ስለ መቅመስ አንድም አንቀጽ የለውም። ዳኛው ግን የዚሁ አገር ልጅ ናቸው።

ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። ቪላው ታሸገ፤ እኔም ወይዘሮ የሺመቤት ግቢ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ስልክ የሚደውልልኝ ጠፋ።

ስንቅ የማደርስላት እኔ ብቻ ነበርሁ። በማረሚያ ቤቱ በር ዘበኛዋ «ቅመሺ» ትለኛለች፤ እቀምሳለሁ። አንድ እሑድ አላስችል አለኝ።

«እትዬ፣ ለምን አልቀመስሽም?»

«አንቺም?» አለችና ሳህኑን መለሰችልኝ። «በይ፣ ለዘበኛዋ ስጫት።»

ከዚያ ወዲህ ስለ ዝናብ ብቻ ነበር የምናወራ። በሁለተኛው ክረምት ታማ እዚያው ሞተች።

በአርባዋ ቀን ቤተ ክርስቲያን የተገኘነው እኔና የንስሐ አባቷ አባ ጥዑመ ልሳን ብቻ ነን። ጸሎቱ ሲያልቅ ሐይቁ ዳር ተቀመጥን።

«አባ፣ እኔ መርዙን እሷ አልጨመረችም እላለሁ። ያ አለመቅመሷ ግን አልዋጥልኝ አለ።»

መቋሚያቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። «ቀኖና ላይ ነኝ ብትል፣ ምን ሠርተሽ ነው ይሏታል። እሱን ከመናገር መታሰሩን መረጠች። እኔም አፌ የታሰረ ነው፣ ልጄ። ኃጢአቷን ዛሬም አልነግርሽም።»

«የምን ቀኖና?»

«ግብዣው የዋለበትን ሳምንት፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ውኃ እንኳ እንዳትቀምስ ያዘዝኋት እኔ ነበርሁ።»