ወደ ደሴቲቱ ለሚሄድ ሰው

1. ሰዓት

ሐሙስ፣ ጥር 17 ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከዐሥራ ሁለት ደቂቃ። ደምሰውና ታላቅ እኅቱ አስካለ የተሳፈሩበት አውሮፕላን ደሴቲቱ ላይ አረፈ። ሰዓትዎን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ያስኬዱ።

የአስካለ ልጅ ምንተስኖት በደሴቲቱ ሆቴል ውስጥ ወጥ ቤት ይሠራ ነበር። ሰኞ ባሕር ወሰደው፤ አስከሬኑ ተገኝቷል። ደምሰው ያውቃል።

አስካለ አታውቅም።

2. ቪዛ

አያስፈልግም። የደርሶ መልስ ቲኬትና የማረፊያ አድራሻ ይበቃል። አስከሬን ለማምጣት ግን ሦስት ሳምንት የሚፈጅ ወረቀት አለ። ስለዚህ ቀብሩ እዚያው፣ ለዓርብ ተባለ።

ለአስካለ «እግሩ ተሰብሯል» ተብሏል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች እንዲህ ወሰኑ፦ አሁን ብንነግራት አትሳፈርም። እዚያ ስትደርሱ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ሰብስበህ አርዳት።

ሰው ሰብስበህ።

ደምሰው ወፍጮ ቤት የሚሠራ ሰው ነው። በደሴቲቱ ማንንም አያውቅም።

3. ልብስ

ስስ ጥጥ። ጃንጥላ። ጥቁር ቀሚስ ካለ በሌላ ሰው ሻንጣ ሥር ይከተት።

4. ምግብ በአውሮፕላን

ዶሮ ወይም ዓሣ። አስካለ ዶሮ መረጠች።

«ጨው ይጎድለዋል» አለች። «ምንተስኖት ቢሠራው እንዲህ አይሆንም።»

ደምሰው በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ደመና ብቻ ነበር።

5. የመግቢያ ቅጽ

የመጡበት ምክንያት፦
□ ሽርሽር
□ ሥራ
☒ ዘመድ ጥየቃ
□ ሌላ (ይግለጹ) ____________

6. ጉምሩክ

ዘር ማስገባት ክልክል ነው። አስካለ ለስብራት የሚሆን አንድ ኪሎ አብሽ ይዛለች። በእንግሊዝኛ የሚያስተረጉምላት ደምሰው ነው።

መኮንኗ፦ ይህ ምንድን ነው?

አስካለ፦ ለአጥንት ነው በላት። ልጄ ወድቆብኝ ነው በላት።

ደምሰው፦ ልጇ ሞቷል። አልነገርናትም። እባክሽ ፊትሽ እንዳይለወጥ።

መኮንኗ፦ (ወደ አብሹ አጎንብሳ) ፍሬ ነው ወይስ የተፈጨ?

ደምሰው፦ የተፈጨ። ራሴ ነኝ የፈጨሁት።

መኮንኗ፦ ይግባ።

አስካለ፦ ምን አለች?

ደምሰው፦ እግዜር ይማርልሽ አለች።

አስካለ፦ ደግ ሴት ናት። ምነው ታዲያ ፊቷ እንዲህ ሆነ?

7. ማረፊያ

የማዳም ኦዴት የእንግዳ ማረፊያ ንጹሕ ነው። ማራገቢያ አለው። ሊመሽ ሲል አስካለ ሻንጣዋን ስትፈታ ደምሰው ማዳም ኦዴትን በረንዳ ላይ አገኛት።

«ነገ ሲነጋ ስንት ሰው ልታመጪልኝ ትችያለሽ?»

«ለምን?»

ነገራት።

«የሚያለቅሱ ነው የምትፈልገው ወይስ የሚቀመጡ?»

«የሚቀመጡ ይበቁኛል።»

«በዚያ ሰዓት የሚነቁት ዓሣ ሻጮቹ ናቸው። ሽታቸውን ከቻልከው።»

8. ውኃ

የቧንቧው ይጠጣል።

9. ንጋት

ዓርብ፣ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ሰባት ሴቶች በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ባልዲያቸውን ደጅ ትተው፣ እጃቸውን ታጥበው ነው የገቡት። አስካለ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከክፍሏ ወጣች። አየቻቸው። ቋንቋቸውን አታውቅም። በዚህ ሰዓት ሰው ተሰብስቦ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ግን በራሷ ሰፈር ስንት ቤት ሄዳ ታውቃለች።

ደምሰው ያላት፦

 

 

(እዚህ ላይ ሦስት ጊዜ ተጽፎ ሦስት ጊዜ ተሰርዟል። መርዶ ያረዳችሁ የራሳችሁን ጻፉበት።)

10. ረፋዱ ላይ

አንዷ ዓሣ ሻጭ አስካለን ከኋላ አቅፋ ይዛታለች።

«ስንት ቀኑ ነው?» አለችው አስካለ ደምሰውን።

«አራት።»

«አራት ቀን ስበላ አየኸኝ።»

«አየሁሽ፣ እትዬ።»

«እነዚህስ? መቼ ሰሙ?»

«ትናንት ማታ።»

«የጉምሩኳ ሴትዮ?»

«እሷም ትናንት።»

«ከእኔ በፊት» አለች አስካለ። «ዓሣ ሻጭ ሳይቀር ከእኔ በፊት።»

«ወግ ነው እትዬ። ብቻሽን እንዳትሰሚው ብዬ ነው።»

«ብቻዬን ነበርኩ እኮ። አራት ቀን ሙሉ።»

11. መጓጓዣ

ከእንግዳ ማረፊያው እስከ መቃብሩ አውቶቡስ አለ። በየግማሽ ሰዓቱ ያልፋል። ሴቶቹ አብረው ተሳፈሩ።

12. ከዚያ በኋላ

በሁለተኛው ዓመት የደምሰው ባለቤት ለሕክምና ሐዋሳ በሄደችበት ዐረፈች። ሽማግሌዎቹ ደምሰውን ሊያረዱ ለማግስቱ ንጋት ተቀጣጠሩ። አስካለ አልጠበቀቻቸውም። ማንንም ሳትጠራ፣ በቀትር፣ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ሄደች። ሞተሩን እንዲያጠፋ በእጇ አመለከተችውና እንደ ቆመች ነገረችው።