ቆሻሻው የት ይጣል

እስከ አብዮቱ ስድስተኛ ዓመት ድረስ ከሚሴ ውስጥ ቆሻሻ የት እንደሚጣል የሚናገር ደንብ አልነበረም። ሰው አመዱን ከጓሮው ይደፋል፤ ሥጋ ሻጩ አጥንቱንና ፈርሱን ከገበያው ጀርባ ይወረውራል፤ የቀረውን ጅብና ውሻ ይጨርሱታል። ነገሩ ችግር ነው የተባለው ወደ ደሴ የሚያልፉ ባለሥልጣናት መኪናቸውን አቁመው ሻይ ሲጠጡ አፍንጫቸውን መያዝ ከጀመሩ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ እያንዳንዱ ቀበሌ የቆሻሻ ደንብ አርቅቆ በሕዝብ ያስጸድቅ የሚል ትእዛዝ ከበላይ ወረደ።

ረቂቁን ያዘጋጁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው የቀበሌው ሊቀ መንበር ጀይላን ነው፤ ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ የነበረ፣ ነገር የማያበዛ፣ ከሁሉም ጋር ተስማምቶ ማደር የሚወድ ሰው። ሁለተኛው ካድሬው እሸቴ ነው። እሸቴ ከሌላ አገር የመጣ ወጣት ነበር፤ ከሚሴ ከገባ ገና ዓመት አልሞላውም። የሥራ ጫናው ብዙ ስለሆነ ረቂቁን በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረሱት።

ስብሰባው እሑድ ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ ተጠራ። እሸቴ ረቂቁን ቆሞ አነበበ። መንገድ ላይ ቆሻሻ የጣለ ይቀጣል፤ ከየቤቱ ፊት ያለው ቦታ በየሳምንቱ ይጠረጋል፤ የከተማው ቆሻሻ በሙሉ፣ የቄራውም ጭምር፣ ከታች ሰፈር በስተግርጌ ባለው ፈፋ ውስጥ ይጣላል።

ፈፋውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። በበጋ ደረቅ ነው። ክረምት ሲገባ የከተማውን ጎርፍ ሰብስቦ ወደ ጨፋ ሜዳ ይወርድና ቦርከና ወንዝ ውስጥ ይገባል። ከተማው ውስጥ ተቀምጦ ለሚያየው ለቆሻሻ የተፈጠረ ጉድጓድ ይመስላል።

"ተቃውሞ ያለው?" አለ እሸቴ፣ ወረቀቱን እያጠፈ። በዚያ ዘመን ይህ ጥያቄ መልስ የሚጠበቅበት ጥያቄ አልነበረም፤ ከጭብጨባው በፊት የሚመጣ ነገር ነው። አንዳንዱ ሰው እጁን ለማጨብጨብ አዘጋጅቶ ነበር።

ከሴቶቹ ረድፍ አንዲት እጅ ወጣች።

ዓዲላ ትባላለች። ገበያ ላይ ማሽላ እየሰፈረች የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት፣ አርባ ዓመት ገደማ የሆናት ሴት ናት። ልጇ ባቲ ገብቶ ስለሚነግድ ቤቷ የምትኖረው ብቻዋን ነው። ተወልዳ ያደገችው ግን ጨፋ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ አደም አሁንም እዚያው ያርሳል። ስብሰባ ላይ ተናግራ አታውቅም። በኋላ ስትጠየቅ፣ እጇን ያነሣችው አስባ እንዳልነበረ፣ ከወጣች በኋላ ግን ማውረዱ እንዳሳፈራት ተናግራለች።

"ፈፋው ታች ኩሬ አለው" አለች። "በበጋም አይደርቅም። የጨፋ ከብት የሚጠጣው ከዚያ ነው። ሰውም ይቀዳል። ፈርስና አጥንት ከላይ ከሞላንበት ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ሁሉን ጠርጎ ይዞባቸው ይወርዳል።"

ጀይላን ጣቶቹን ማየት ጀመረ።

"ጓድ ዓዲላ፣ ታች ዘመድ አለዎት?" አለ እሸቴ።

"ወንድሜ አለ።"

"እንግዲህ የሚናገሩት ለግል ጥቅም ነው ወይስ ለሕዝብ?"

"ለሁለቱም ነው" አለች ዓዲላ። "ወንድሜም ሕዝብ ነው።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና ወዲያው አሳለው። እሸቴ አልተቆጣም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም የተባለው እውነት መሆኑ ገብቶታል። ግን ደንቡ በወሩ መጨረሻ መላክ ነበረበት።

"መቃወም ብቻውን አይበቃም" አለ። "ፈፋው ካልሆነ የት ይሁን? ቦታውን ይንገሩን።"

ዓዲላ ይህን አላሰበችበትም ነበር። ዞር ብላ ሰዉን አየች። ሁሉም ሰው ስለራሱ ሰፈር እያሰበ ነበርና የሚናገር ጠፋ። በመጨረሻ ጀይላን ጉሮሮውን ጠረገ።

"መንገዱ ሲሠራ ድንጋይ የወጣበት ጉድጓድ አለ" አለ፣ ማንንም ሳያይ። "ሰፊ ነው፣ ውሃም አይወጣበትም። ከእነ እት ዓዲላ ሰፈር ጀርባ ያለው ማለቴ ነው።"

አሁን ሰዉ በሙሉ ዞሮ ዓዲላን ተመለከተ። ጉድጓዱ ከጓሮዋ አጥር ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስበት ርቀት ላይ ነበር።

"ይስማማሉ?" አላት እሸቴ።

ከዓዲላ አጠገብ የተቀመጠችው ጎረቤቷ ረቢአ በጉልበቷ ጎሰመቻት። አጥራቸው አንድ ነው፤ ከአሥር ዓመት በላይ እሳት ሲጠፋባቸው እየተዋዋሱ የኖሩ ሴቶች ናቸው።

"ውሃ አይወጣበትም" አለች ዓዲላ።

እሸቴ ይህን እንደ ስምምነት ወሰደው። ተጨበጨበ። ረቢአ አላጨበጨበችም።

ከስብሰባው ሲመለሱ ሁለቱ ሴቶች አብረው አልሄዱም። ረቢአ ቀድማ ወጣች፤ ዓዲላ በራፏ ስትደርስ ረቢአ ከአጥሩ ወዲያ ቆማ ትጠብቃት ነበር።

"ለከብት አዝነሽ ለጎረቤት ጨከንሽ" አለቻት።

"ረቢአ፣ ምን ልበል ታዲያ? 'የለም፣ ከኔ ቤት ጀርባ አይሁን፣ ወደ ሌላ ሰው ደጅ ይሂድ' ልበል?"

"አዎ! ሁሉም ሰው እንደዚያ ይላል። ዝም ብትይ ኖሮ ደግሞ ይህም ባልመጣ።"

ረቢአ ይህን ብላ ገባች። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ቆመ።

ቆሻሻው መምጣት የጀመረው ኅዳር ውስጥ ነው። መጀመሪያ አመድና ገለባ ነበር፤ ብዙም አይከፋም። ቀጥሎ የሥጋ ሻጮቹ አህዮች ፈርስና ቀንድ ጭነው መምጣት ጀመሩ። ዝንቡ በዛ። ውሾች ከየሰፈሩ ተሰበሰቡ። ከጨፋ በኩል ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ሽታውን ይዞ በዓዲላና በረቢአ ቤት ያልፋል፤ ምግብ ሲቀርብ በር መዝጋት የሰፈሩ ልማድ ሆነ። ሰው ሁሉ ያማርር ነበር፤ የሚያማርረው ግን ደንቡን ወይም ቀበሌውን አልነበረም። "የዓዲላ ጉድጓድ" ይሉት ነበር። ገበያ ላይ ከእሷ ማሽላ ይገዙ ከነበሩት የሰፈሩ ሴቶች አንዳንዶቹ ሌላ ጋ መሄድ ጀመሩ።

ጥር ላይ የረቢአ ልጅ ተዳረች። ሠርጉ እናቷ ቤት ሊሆን ታስቦ ዳስ የሚጣልበት ቦታ ሁሉ ተጠርጎ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት የሙሽራው ወገኖች መጥተው አዩና ሽታው ሲሰማቸው፣ በጨዋ ቋንቋ፣ ቦታው እንደሚጠብባቸው ተናገሩ። ሠርጉ ከከተማው ማዶ በአጎቷ ቤት ሆነ። ዓዲላ አልተጠራችም። ልጅቱን አዝላ አሳድጋት ነበር። በዕለቱ ገበያ አልወጣችም፤ ሙሽራይቱ በመኪና ስታልፍ የጥሩንባውን ድምፅ ከቤቷ ሆና ሰማች።

በዚያው ሰሞን አደም አንድ ቅል እርጎ ይዞ ከጨፋ መጣ።

"አካም ቡልቴ፣ እታለም?" ብሎ እንዴት እንዳደረች በኦሮምኛ ጠየቃት ከበር ሆኖ። ገብቶ ሳይቀመጥ አፍንጫው ተሸበሸበ። "ኧረ ያ ረቢ! ይሄ ነገር እንዲህ ነው እንዴ?"

"እንዲህ ነው።"

"ታች ሰዉ ሁሉ ዱዓ እያደረገልሽ ነው። ኩሬያችንን ያተረፈችልን ይሉሻል። እኔ ግን እንዲህ መሆኑን መቼ አወቅሁ?" አደም ሊያመሰግን መጥቶ አፈረ። "ተነሺ፣ እኔ ጋ ነይ። ቤት አለ፣ ወተት አለ።"

"ሽታውን ሰፈር አምጥቼ እኔ ልሽሽ?" አለች ዓዲላ። "ይህን ካደረግሁ ረቢአ እውነቷን ነው ማለት ነው።"

እርጎውን ገልብጣ ቅሉን አጥባ መለሰችለት። እርጎውን ለብቻዋ አልጨረሰችውም፤ ለረቢአ በጎረቤት ሰው ላከች። ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ዓዲላ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት መመላለስ ጀመረች። ጥያቄዋ አጭር ነበር። ሥጋ ሻጮች ፈርሳቸውን ራሳቸው ይቅበሩ፤ ጉድጓዱ አፈር ይልበስ፤ ሲሞላ ይዘጋ። እሸቴ ወንበር እየሰጠ ያዳምጣታል፤ መልሱ ግን ያው ነው።

"ደንቡ ጸድቆ ሄዷል" አላት አንድ ቀን። "ሕዝቡ በሙሉ ድምፅ ያጸደቀውን፣ ዓመት ሳይሞላው 'ተሳስተን ነበር' ብዬ ወደ በላይ ልጻፍ? ምን ይሉኛል?"

"ተሳስተናል አይበሉ" አለች ዓዲላ። "ጨመርንበት ይበሉ።"

እሸቴ ፈገግ አለ። አልጻፈም ግን።

ሚያዝያ ላይ ስለ ችግኝ ተከላ ጠቅላላ ስብሰባ ሊጠራ ታሰበ። አዳራሹ በመሠረተ ትምህርት ፈተና ተይዞ ነበር። ዓዲላ በዚያን ዕለትም እንደልማዷ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ተቀምጣ ነበርና፣ እሸቴና ጀይላን ስብሰባው የት እንደሚሆን ሲነጋገሩ ሰማች።

"እኛ ሰፈር በስተጀርባ ግራሮች አሉ" አለች። "ጥላቸው ሰፊ ነው።"

እሸቴ አካባቢውን እምብዛም አያውቀውም። ጀይላን ግን ያውቀዋል፤ ግራሮቹ ያሉት ከጉድጓዱ አፍ ላይ ነው። ቀና ብሎ ዓዲላን አያት። እሷም አየችው።

"ጥላውስ መልካም ጥላ ነው" አለ ጀይላን፣ ቀስ ብሎ። በዚያው ተወሰነ።

ስብሰባው ከሰዓት በኋላ ነበር። ንግግሩ ሳይጀመር ነፋሱ ተነሣ። ሰዎች መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ ሴቶቹ በሻሻቸው፣ ወንዶቹ በጋቢያቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ሸፈኑ። ከሌላው ሰፈር የመጡት ብዙዎቹ ጉድጓዱን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም ነበር፤ ቆሻሻቸውን የሚልኩት በሰው ነው። እሸቴ ስለ ችግኝ መናገር ጀምሮ ሁለት ጊዜ ዝንብ አፉ ውስጥ ሊገባ ሲል አቆመ። አንድ ውሻ አንጀት እየጎተተ በተሰብሳቢው መካከል አለፈ። ሰዉ አልሳቀም።

እሸቴ ወረቀቱን አጠፈ። ጉድጓዱን ዞሮ አየ፣ ከዚያ ሴቶቹ መሐል የተቀመጠችውን ዓዲላን አየ። አድራጎቷ ገባው። ፊቱ ትንሽ ቀላ፤ ቢቆጣ ግን በምን ይቆጣል? ስብሰባውን የጠራው ራሱ ነው።

"ከችግኙ በፊት" አለ፣ "በቆሻሻው ደንብ ላይ የምንጨምረው ነገር አለ።"

የጨመረው ዓዲላ በየጊዜው ስትለው የነበረውን ነው፤ ቃል በቃል ማለት ይቻላል። ሥጋ ሻጮቹ ከኋላ ሆነው ማጉረምረም ሲጀምሩ ሌላው ሰው ዝም አሰኛቸው። ተጨበጨበ፤ ሁሉም ተነሥቶ በፍጥነት ወደ ቤቱ ሄደ። የችግኙ ነገር ለሌላ ቀን ተላለፈ።

አፈር የማልበሱ ዘመቻ በግንቦት መጀመሪያ፣ ዝናቡ ሳይበረታ ሆነ። ቀበሌው በሙሉ እንዲወጣ ታውጆ ነበር። የወጣው ግን የጉድጓዱ ሰፈር ሰውና ጀይላን ብቻ ነው። እሸቴም ለአንድ ሰዓት ያህል አካፋ ይዞ ሠርቶ ወደ ሌላ ስብሰባ ሄደ። ዓዲላ ከጉድጓዱ ዳር አፈር በቅርጫት እየተቀበለች ትደፋ ነበር። ረፋዱ ላይ ረቢአ የባሏን አካፋ ይዛ መጣች። ከዓዲላ ትንሽ ራቅ ብላ፣ ጀርባዋን ሰጥታ መቆፈር ጀመረች።

እስከ ዙህር ሶላት ድረስ እንዲሁ ሠሩ። ፀሐዩ ሲበረታ ዓዲላ ከቤቷ ውሃ በጀሪካን አምጥታ ለሰዉ ሁሉ በየተራ ሰጠች። ረቢአ ዘንድ ስትደርስ ጣሳውን ዘርግታ ቆመች። ረቢአ ላቧን በእጅጌዋ ጠረገች፣ ጣሳውን ተቀብላ እስከ ሥሩ ጠጣችው።

"አላህ ይስጥሽ" አለች። ከዚያ በአካፋው ጫፍ ወደ ማዶ አመለከተች። "ያ ጥግ አልለበሰም። ዝናብ ሲመታው እሱ ነው የሚሸተው።"

"እናልብሰዋ" አለች ዓዲላ።

ሁለቱም ወደ ጥጉ ሄዱ። ስለ ሠርጉ አልተነሣም፤ ከዚያም በኋላ በመካከላቸው ተነሥቶ አያውቅም። ሰላምታው ተመለሰ፣ እሳቱም መዋዋሱ ተመለሰ፤ ረቢአ ግን ዓዲላ ቤት ገብታ ቁጭ ብላ ለመጫወት ሌላ አንድ ዓመት ፈጀባት። ሥጋ ሻጮቹ ለጥቂት ወራት ፈርሳቸውን ሲቀብሩ ቆይተው እንደገና ማምጣት ጀመሩ፤ ጀይላን እየተቆጣ መለሳቸው፤ እሱ ሲዘነጋ ደግሞ አመጡ። እሸቴ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። ጉድጓዱ በሦስተኛው ዓመት ሞልቶ አፉ ተደፈነ፤ ላዩ ላይ ጉሎና አስተናግር በቀለበት፣ የሰፈሩ ፍየሎችም ይውሉበት ጀመር።