ከቢጫው መስመር ወዲህ

ቅጹ «በሰውነትዎ ውስጥ ብረት አለ?» ይላል። ሶፎንያስ «የለም» በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ሲያደርግ እጁ አልተንቀጠቀጠም። ዐሥር ዓመት ሙሉ ሲዋሽ የኖረ ሰው እጁ ለምን ይንቀጠቀጣል? የተንቀጠቀጠው ጭኑ ነው።

ብረቱ ያለው እዚያ ነው። በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ አምቦ በተማሪዎች ተቃውሞ የታመሰች ጊዜ፣ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ከትምህርት ቤት ወደ ቤቱ ሲሮጥ ጭኑን ተመታ፤ ጥይቱ ከየት እንደመጣ አላየም። በጥይት የቆሰለ ሁሉ እንደ አመፀኛ ይታይ ስለነበር አባቱ አቶ ይገዙ የልጃቸው ስም ሆስፒታል ካርድ ላይ እንዲጻፍ አልፈለጉም። ሳይውል ሳያድር ሸነን ከተማ፣ አክስቱ ዘንድ ላኩት። እዚያ አንድ ጡረተኛ ድሬሰር ቁስሉን የቻለውን ያህል አጽድቶለት «ከጥይቷ ትንሽ ቀርታለች፤ ካልነካካሃት አትነካህም» አለው። ለጎረቤት የተነገረው ግን ወንጪ ላይ ፈረስ ጣለው ተብሎ ነው። ወሬው ሥር ከመስደዱ የተነሣ ዛሬም ሲያነክስ ያየው ሰው ሁሉ ስለ ፈረስ አያያዝ ይመክረዋል።

ካልነካካሃት አትነካህም! ለእህል ነጋዴ ይሠራ ይሆናል። ይሄ ጉደኛ ግን ከሥራ ሁሉ መርጦ መርጦ ማግኔት ያለበት ገባ።

አምቦ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪው የሚያጠናው አንድ ዓይነት ጨው ነው። ጨው ይባል እንጂ ወጥ ውስጥ የሚገባው አይደለም። ሞቅ ሲል እንደ ማር ይፈስሳል፤ ሞለኪውሎቹ ግን እንደ ሌላው ፈሳሽ ዝም ብለው አይተራመሱም፤ ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረው ይቆማሉ። ፈሳሽ ክሪስታል ይሉታል። ምን ያህል ሥርዓት እንደያዙ ለማወቅ ጨዉ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ሆኖ ብርቱ ማግኔት ውስጥ ይገባል፣ በሬዲዮ ሞገድ ይነካል፣ ከዚያ መልሱ ይደመጣል። ከተበታተኑ ኮምፒዩተሩ ላይ አንድ መስመር ይወጣል፤ ከተሰለፉ መስመሩ ለሁለት ይከፈላል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት እንግዲህ የሶፎንያስ መመረቂያ ጥናት ነው።

እስካሁን ቱቦውን የምታስገባለት የላብራቶሪ ጓደኛው ለሊሴ ነበረች። እሱ ሰበብ አያጣም፤ አንድ ቀን ጉንፋን፣ አንድ ቀን የተማሪ ፈተና ማረም። ለሊሴ ባለፈው ሳምንት ወለደች። አማካሪው ዶክተር ደግፌ ደግሞ ቁርጡን ነገሩት፤ ሰኞ ውጤቱ ካልቀረበ ምረቃው ለከርሞ ይዛወራል። ዛሬ ዓርብ ነው።

የማሽኑ ኃላፊ ሐምዲያ ከጅማ ከመጣች ገና አምስት ወሯ ነው። የማን ዘመድ እንደሆነች፣ ለማን ምን እንደምታወራ አያውቅም።

«ሞባይል፣ ቁልፍ፣ ቀበቶ፣ የባንክ ካርድ» አለች ቅርጫት እየዘረጋችለት።

ሁሉንም አስቀመጠ። የማይቀመጠው ብቻ ቀረ።

ብረት የያዘ ሰው እንዳያልፍ ወለሉ ላይ የተሰመረውን ቢጫ መስመር ተሻገረ። አምቦ ውስጥ መብራት ሲጠፋ አብሮ የማይጠፋ ነገር ጥቂት ነው፤ ይህ ማግኔት ግን መብራት ኖረም አልኖረም ድምፁን አጥፍቶ ይስባል። ትልቅ ነጭ በርሜል ይመስላል። ቱቦው የሚገባው ከላይ ስለሆነ መሰላል ወጥቶ፣ ማሽኑን ተጠግቶ ማጎንበስ ያስፈልጋል።

አንደኛውን እርከን ወጣ። ሁለተኛው ላይ፣ ጠባሳው ሥር፣ አንድ ነገር ዞረ። ዞረ ወይስ መሰለው? ከጎኑ ትልቁ የደም ሥር እንደሚያልፍ ያውቃል። ሞለኪውል ማግኔት ውስጥ እንዴት እንደሚዞር ሁለት ዓመት ሲያሰላ የኖረ ሰው አሁን የራሱን ብረት ማስላት ጀመረ። ፈራ። እንደ ሕፃን ነው የፈራው፤ መሰላሉን ጨብጦ ቀረ።

«ምነው ቆምክ?» አለች ሐምዲያ ከኮምፒዩተሩ ኋላ።

አመመኝ ብሎ መውረድ ይችል ነበር። ያኔ ሰኞ ባዶ እጁን ሊቀርብ ነው። አንድ እርከን ቢጨምር ደግሞ እግሩን፣ ምናልባትም ነፍሱን ሊያጣ ነው።

«ብረት አለብኝ» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

«ውረድ!» ብላ ጮኸች። «ሱታ፣ ሱታ! ቀስ ብለህ። ከመስመሩ ወዲህ ና!»

ወረደ። ቱቦውን ከእጁ ተቀብላ ቅጹን አነሳች።

«የት ጋ ነው?»

«ጭኔ ላይ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሁለት ሺህ ስድስት።»

እስክሪብቶዋ ባለበት ቆመ። ያን ዓመት አምቦ ላይ የሆነውን ጅማም ሰምታዋለች። አሁን ስልክ ታነሳለች፣ አሁን ሰው ትጠራለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን «የለም» የሚለውን ሰርዛ «አለ» በሚለው ላይ ምልክት አደረገች፤ ከዚያ ራሷ መሰላሉን ወጥታ ቱቦውን አስገባችለት።

ጨዉ መጀመሪያ በደንብ መቅለጥ፣ ከዚያ ማግኔቱ ውስጥ እንዳለ ቀስ እያለ መብረድ አለበት፤ የሚሰለፈው ሲበርድ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ጠበቁ። መስመሩ ለሁለት ተከፈለ። እንዲህ ጥርት ያለ ውጤት አይቶ አያውቅም፤ ደስታው ግን አልመጣለትም።

«ያለ ራጅ ከእንግዲህ አላስገባህም» አለች። «ሆስፒታል ትነሳና ምን እንደሆነ በጽሑፍ ታመጣለህ።»

በጽሑፍ። እሱና አባቱ ዐሥር ዓመት የሸሹት ይህንን ነበር። ደጅ ወጥቶ አባቱ ሱቅ ደወለ።

«አባዬ፣ ራጅ ልነሳ ነው። ካርድ አወጣለሁ።»

«ሲጠይቁህ ምን ልትል?»

«እውነቱን።»

 ከአባቱ ጀርባ የደንበኞች ጫጫታ ይሰማል። ሶፎንያስ ቁጣ ጠበቀ።

«እንግዲያው ጠብቀኝ፣ አብረን እንሄዳለን» አሉ አቶ ይገዙ። 

«ብቻዬን እችላለሁ።»

«እኔም መነሳት አለብኝ፣ ልጄ። ያን ቀን አንተን ፍለጋ ስወጣ ትከሻዬን ተመትቻለሁ። ጥይቷ እስካሁን አልወጣችም። ከእናትህ በቀር የሚያውቅ የለም።»

ሶፎንያስ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

«ፈርተህ እንዳታድግ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አሉ አባቱ።