በጠበቆች ቤት የተቀበረችው ደብዳቤ

ሕግ ለደካማው ጋሻ፣ ለግፉዓን መጠጊያ ይሆን ዘንድ ተሠራ፤ ነገር ግን፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ጋሻ ያዡ ልቡን ለኃያላን ባስገዛ ጊዜ ያው ጋሻ ደካማውን የሚደፈጥጥ ድንጋይ እንደሚሆን አትዘንጋ። የዱር ወንበዴ ሲቀማ ፊቱን ይሸፍናል፤ የተማረ ወንበዴ ግን በጥቁር ካባ ተሸልሞ፣ አንቀጽ እየጠቀሰ፣ በአደባባይ ይቀማልና፣ ከሁለቱ ይልቅ ለኋለኛው ቁጣና ውግዘት ይገባዋል።

በከተማይቱ ደቡባዊ ዳርቻ በነበረ አንድ የፈትል ፋብሪካ በሚያዝያ ወር፣ በቀትር፣ እሳት ተነሥቶ ዘጠኝ ሴቶች ሠራተኞች ከተቆለፈው የኋላ በር ሥር ተደራርበው፣ በጢስ ታፍነው ሞቱ፤ ከዘጠኙም አንዲቱ የፋብሪካው ዘበኛ የአቶ ጫንያለው እንግዳ ብቸኛ ልጅ ነበረች። ዐቃቤ ሕግ በሩን ቆልፈዋል ሲል ሥራ አስኪያጁንና ዘበኛውን በአንድ መዝገብ ከሰሰ። ሥራ አስኪያጁ ባለ ጸጋና ባለ ዝና የሆነውን፣ አቶ አርአያሥላሴ ጎበና የሚመሩትን የጥብቅና ድርጅት ጠበቃው አደረገ፤ ሽማግሌው ዘበኛ ግን መዝገቡን እንኳ ካላነበበ የመንግሥት ተከላካይ በቀር ረዳት አልነበራቸውም። ነገሩን ይመረምር ዘንድ የታዘዘው ወጣቱ ጠበቃ ክንፈሚካኤል ወንድይራድ፣ በአንደበቱ ርቱዕነትና በአእምሮው ስለት በድርጅቱ የተመሰገነ፣ ከፋብሪካው ወረቀቶች መካከል ሥራ አስኪያጁ በእጁ የጻፋትን ደብዳቤ አገኘ፤ «ሠራተኞች ፈትል ደብቀው እንዳይወጡ የኋላው በር በሥራ ሰዓት ይቆለፍ፤ ቁልፉም ከዘበኛው ተወስዶ በቢሮዬ ይቀመጥ» ትላለች። ወዲያውኑ ለአቶ አርአያሥላሴ አቀረባት፤ እርሳቸውም መነጽራቸውን አጥልቀው ሁለት ጊዜ አነበቧት።

«ይህችን ያየ ሌላ ሰው አለ?» አሉት።

«የለም፣ ጌታዬ። ነገር ግን ሽማግሌው ንጹሕ መሆናቸውን ታስረዳለች።»

«እኛ የሽማግሌው ጠበቆች አይደለንም። የደንበኛን ምስጢር መጠበቅ የሙያችን ቀዳሚ ትእዛዝ ነው» አሉና ደብዳቤዪቱን ከብረት ሣጥን ቆለፉባት።

ዝም ማለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ኀጢአቱ በቀለለ፤ ክንፈሚካኤል ግን ችሎት ቆሞ፣ ሐሰት መሆኑን እያወቀ፣ ሽማግሌውን «ቁልፉ በወገብዎ የሚንጠለጠል አልነበረምን?» ብሎ ጠየቃቸው። «አስቀድሞ ነበረ፤ ኋላ ግን…» ብለው ሲጀምሩ «ነበረ ወይም አልነበረም ብለው ብቻ ይመልሱ» ሲል አቋረጣቸው። «ነበረ» አሉ ሽማግሌው፣ ግራ በተጋባ፣ በተሰበረ ድምፅ። በዚያች አንዲት ቃል ሥራ አስኪያጁ ነጻ ወጣ፤ አቶ ጫንያለውም የገዛ ልጃቸውን በቸልታ የገደሉ አባት ተብለው ስምንት ዓመት ተፈረደባቸው፤ ክንፈሚካኤልም የድርጅቱ ባለድርሻ ሆኖ ተሾመ።

በአራተኛው ዓመት አቶ አርአያሥላሴ ለአዲስ ጠበቆች ስለ ሙያ ሥነ ምግባር እንዲያስተምር አዘዙት። «ጠበቃ የፍትሕ አገልጋይ ነው» የሚለውን ሊያነብ አፉን ሲከፍት ግን የሽማግሌው ድምፅ በጆሮው መጣበት። ቁጣው ከእግሩ እስከ ራሱ አቃጠለው፤ ጌታውን ይቆጣል፣ ከጌታውም ይልቅ ራሱን ይቆጣል። ወረቀቱን ጥሎ ወጣ፤ ባለድርሻ ሲሆን በተሰጠው ቁልፍም የብረት ሣጥኑን ከፍቶ ደብዳቤዪቱን ወሰደ። በደጅ ያገኙት አቶ አርአያሥላሴ «ምስጢር አውጥተህ ጠበቃ ሆነህ አትኖርም» ቢሉት፣ «እስከ ዛሬስ ጠበቃ መች ነበርሁ? የገዳይ አንደበት ነበርሁ እንጂ» ብሏቸው ሄደ።

በማግስቱ ወህኒ ቤት ገብቶ ከሽማግሌው ፊት ቆመ፤ ደብዳቤዪቱንም አነበበላቸው፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቃትም ሳይሸሽግ ነገራቸው።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አባቴ» አለ።

«አባቴ አይበሉኝ» አሉት። «ሚስቴ የእርስዎን ቃል አምና፣ ልጃችንን የቆለፍሁባት እኔ መሆኔን አምና፣ አንድ ቀን እንኳ ሳትጠይቀኝ አምና ሞተች። ይህችን ወረቀት ሄደው ለእርሷ ያንብቡላት።» ከዚያም እርሱ ጽፎ ባመጣው፣ ፍርዱ ዳግም እንዲታይ በሚለምነው አቤቱታ ላይ፣ ቀና ብለው ሳያዩት፣ ጣታቸውን አተሙ።

ፍርድ ቤቱ ደብዳቤዪቱን መርምሮ ሽማግሌውን በነጻ አሰናበተ፤ ሥራ አስኪያጁ ግን ቀደም ብሎ ድንበር ተሻግሮ ነበር። ክንፈሚካኤል የደንበኛን ምስጢር ስላባከነ፣ በአቶ አርአያሥላሴ ከሳሽነት፣ የጥብቅና ፈቃዱን ተነጠቀ፤ የከሰሱትም በዚያው ወር ስለ ሙያ ክብር ንግግር አድርገው ተጨበጨበላቸው። እርሱ ስለ ፈቃዱ አላዘነም፤ አቶ ጫንያለው ከወህኒ የወጡ ዕለት፣ በመንገድ ማዶ ቆሞ፣ ሽማግሌው የሚቀበላቸው ሰው አጥተው ወዲያና ወዲህ ሲመለከቱ ባየ ጊዜ ግን ጥርሱን ነክሶ አለቀሰ፤ ዘግይቶ የተነገረ እውነት የወህኒን በር ይከፍታል እንጂ የመቃብርን አይከፍትምና።